ከኮሪያ የመጣ ሽማግሌ

ዴጆን፣ ደቡብ ኮሪያ
መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አብተው፣

ዘመን ከተለወጠ ወዲህ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነውና በቅድሚያ እንኳን አደረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የእትዬ ተሻለችስ ደም ግፊት ወረደላቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ጀማምሮታል፤ ማስተማሩም ምርምሩም እንደ ወትሮው ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ልጅዎ ስለ ሰብለወንጌል ነው። ባለፈው ዓመት ያሳተመችውን ጽሑፍ የት እንዳገኘሁት ያውቃሉ? እኔ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የውኃ ላብራቶሪ ኃላፊ በሆነው በፕሮፌሰር ሃን ጠረጴዛ ላይ። ከዳር እስከ ዳር በቀይ አስምሮበታል። «ይህችን ሰው ታውቂያታለሽ?» አለኝ። «የአባቴ የአጎት ልጅ ልጅ ናት፤ በእኛ አገር እኅቴ ማለት ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መተንፈሻ አልሰጠኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጋሼ። አገሮች ድሮ በመሬትና በወደብ እንደተሻሙት አሁን በተመራማሪ ይሻማሉ። ኮሪያ ውስጥ የሚወለደው ልጅ ከዓመት ዓመት እያነሰ መማሪያ ክፍሎቹ ሰው እያጡ ነው። ቻይና በአንድ በኩል፣ ጃፓን በሌላ በኩል፣ ጀርመንም ከማዶ ሆና ጎበዝ የተባለውን ሁሉ ይጠራሉ። በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ይወጣል፤ አለቆቻችን ያን ቀን የሚጠብቁት ልክ ማትሪክ ተፈትኖ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ሆነው ነው። ሰብሊን የመሰለ ሰው ሲገኝ ታዲያ ዝም አይባልም። ፕሮፌሰሩ ለሦስተኛ ዲግሪ፣ መንግሥት ወጪዋን ችሎ የሚያስተምርበት ቦታ ይዞላታል። ያለው ይኸው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ካመለጠ ለከርሞም መገኘቱን እንጃ።

በኅዳር ለስብሰባ አዲስ አበባ ይመጣና አዳማ ይወርዳል። እኔ ደግሞ «በእኛ ዘንድ ልጅ ከቤት ሲወጣ ቤተሰቡ ይጠየቃል» ብዬ ነግሬው ነበር፤ ደስ ብሎት ቤትዎ ድረስ መጥቶ ሊጠይቅዎ ወስኗል። ሰብሊ መሄዱን ትፈልገዋለች። የቀረው የእርስዎ ቃል ነው።

ለቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
የሺዓለም ልዑልሰገድ


አዳማ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺ፣

ከአዳማ ሙቀት ትንሽ ተቀንሶ ወደ አንቺ ብርድ መላክ ቢቻል ለሁለታችንም በጎ ነበር። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የተሻለች ግፊት ወርዷል፤ ድምፅዋ ግን አልወረደም።

ስልክ ላይ ግማሹ ቃል ስለሚያመልጠኝ ይኸው እንደ ድሮው በእጄ እጽፋለሁ። ኑሬ የሚባለው የኮምፒውተር ቤት ባለቤት ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ የአንቺንም አትሞ በባጃጅ ያደርስልኛል። እንደሚያነበው አውቃለሁ፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ኑሬ፣ ሰላም ነው?

አገሮች ለተማሪ ይሻማሉ ስትይኝ ቆይቼ ሳቅሁ። እኛ በጊዜያችን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ደጅ ጠንተናል። አሁን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ደጅ ሊጠና ነው! ጠያቂ ደግሞ አላጣንም። ጀርመኖቹ በኮምፒውተር የሚሞላ ፎርም ልከውላታል፤ ልጅ የሚፈልግ ሰው ፎርም ሙሉልኝ ይላል? ቻይናዎቹ የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ መጥተው ላገኙት ሁሉ ጃንጥላ አድለው ሄዱ። ቤት ድረስ መጥቶ አባት የሚጠይቅ ያንቺው ሰው ብቻ ነው። ይህን ወድጄለታለሁ።

ጎረቤት ስለ ሥራዋ ሲጠይቀኝ እንዴት እንደማስረዳ ታውቂያለሽ? ከንፈሬን ገልጬ ጥርሴን አሳያለሁ። ቆቃ ስላደግሽ ለአንቺ ይህን ማስረዳት አይገባኝም፤ ውኃችን ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የእኔን ጥርስ ቡና አስመስሎታል፣ የባሰበትንም አጥንቱን ያጎብጠዋል። ሌላው ዓለም ውኃውን የሚያጣራው በከሰለ የከብት አጥንት ነው። ሰብሊም በዚያው ጀምራ በመቂና በባቱ መሀል ባሉ መንደሮች ማጣሪያ አስተከለች። ጾም ሲገባ ግን ሕዝቡ ማጣሪያውን ትቶ ወደ ድሮው ጉድጓድ ተመለሰ። «በአጥንት ያለፈ ውኃ እንዴት ይጠጣል?» አሉ እናቶቹ። ቄሱ ይፈቀዳል ቢሉም አልሰሟቸውም። እሷ ሰዉን ከመውቀስ አጥንቱን ተወችውና በተቃጠለ ሸክላ ሞከረችው። ሆነላትም። አሁን እናንተም ቻይናዎቹም የምትፈልጉት ያንን መሆኑን ነግራኛለች።

ደስ ያላለው የትምህርት ክፍሏ ኃላፊ ጀቤሳ ነው። «ላብራቶሪ ስናገኝ ሰው ይሄድብናል፣ ሰው ስናገኝ ላብራቶሪው ይበላሻል» አለኝ መንገድ ላይ አግኝቶኝ። እውነቱን ነው፤ የሄዱበት ብዙ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ቆቃ ወርጄ የአባትሽን የልዑልሰገድን መቃብር አይቼ መጣሁ። ዙሪያው ጸድቷል፤ የግድቡ የሥራ ባልደረቦቹ አጥር ሠርተውለታል።

ለእንግዳው ምን ልበለው? ጻፊልኝ።

አጎትሽ አብተው


ዴጆን
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አብተው፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ለፈተና ወረቀት እርማት ስለተቀመጥኩ ይህን በአጭሩ ነው የምጽፈው።

ፕሮፌሰሩ እሑድ ኅዳር 8 ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ዓሣ ይወዳል። ገመዳ የሚባል ልጅ ከአዳማው ዩኒቨርሲቲ አብሮት መጥቶ ያስተረጉማል። ምን ልበለው ላሉኝ፣ የተለየ ነገር አያስፈልግም። እንደ ወጋችን ያስተናግዱት፣ እንደ ወጋችን ያነጋግሩት። ሌላው በእኔ ይሁንብዎ።

የሺዓለም


አዳማ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንግዳሽ መጥቶ፣ በልቶ፣ ተከብሮ ተሸኝቷል።

ለወጉ እንዲያግዘኝ መርዳሳን ከባቱ አስመጣሁት። ሰብሊ ማጣሪያዋን ከተከለችባቸው መንደሮች የአንዱ ሽማግሌ ነው፤ እንደ ልጁ ያያታል። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣም ይዞ መጣ፣ ተሻለች ጠበሰችው። እኔ ሠርግ የምለብሰውን ኮት ለበስኩ። ሰብሊ አብራን ልትቀመጥ ፈልጋ ነበር። «ልጅ የሚጠየቅበት ቦታ ልጅቷ አትቀመጥም» ብዬ ወደ ላብራቶሪዋ ሸኘኋት። «አባዬ፣ እኔኮ ዩኒቨርሲቲ የማስተምር ሰው ነኝ» እያለች፣ እየሳቀች ሄደች።

ሰውየው አጠር ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲታገል ተሻለች ሮጣ ከለከለችው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እሱ ግን ወንበር እንደቀረበለት ቁጭ አለ። የአገሩ ልማድ ይሆናል ብለን አለፍነው። መርዳሳ በኦሮምኛ «አከም ጅርታ?» ብሎ ሰላም ሲለው ቃሉን ይዞት ለገባ ለወጣው ሁሉ «አከም ጅርታ» ሲል ዋለ። እኔ ስስቅ ደግሞ ጥርሴን አየና ዓይኑ እዚያው ቀረ፤ በቅሎ ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳ እንዲያ አያይም። ፎቶ ላንሳ ብሎ አስፈቅዶ አነሳኝ። ስለዚህ ጥርሴ ከእኔ ቀድሞ ኮሪያ ገብቷል ማለት ነው።

ዓሣው ተበልቶ ሲያበቃ ተነሥቶ ጎንበስ አለና ጠየቀ። «ልጅዎን ለላብራቶሪዬ ይስጡኝ። አስተምራታለሁ፣ እጠብቃታለሁ» አለ። ገመዳ ነው ያስተረጎመው፤ ጎበዝ ልጅ ነው። እኔም እንደሚገባው መረመርኩት። ከዚህ በፊት የወሰዳቸው የት እንደደረሱ ጠየቅሁት። አንዷ አገሯ ተመልሳ ታስተምራለች፤ ሌላው እዚያው ኮሪያ ቀርቷል አለ። መርዳሳ ቀበል አድርጎ «የቀረው ልጅ እናት የለውም?» አለ። ይህን ገመዳ ይተርጉመው አይተርጉመው አላወቅሁም።

ከዚያ የሚባለውን አልኩት። «አክብረውን ከሩቅ አገር መጥተዋልና እናመሰግናለን። ጉዳይዎን ሰምተናል። የምናማክረው ዘመድ አለን፤ እንምከርበትና ሌላ ቀን ይምጡ።» መርዳሳ በኦሮምኛም በአማርኛም አጸናው። ሰውየው ደጋግሞ አጎንብሶ ወጣ።

ልጄን እንዲሁ አላቀለልኳትም፣ የሺ። አንድ ቀን ብቅ ብሎ የሚወስዳት ዕቃ አይደለችም። ሁለተኛ ሲመጣ እሺ እንለዋለን፣ እንመርቃታለን። ሰብሊ ስትመለስ «እንዴት ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «በጥሩ አልቋል» አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ስለ አባትሽ መቃብር ጽፌልሽ ነበር። በመልስሽ ምንም አላልሽም። ምነው?

አጎትሽ አብተው


ዴጆን
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አብተው፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

ደብዳቤዎ ሲላክ እኔ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እስከዚያ ፕሮፌሰር ሃን ተመልሷል። ስለ ዓሣው፣ ስለ አቶ መርዳሳ፣ ስለ አክብሮታችሁ አውርቶ አይጠግብም። ለኮሚቴው ግን «ቤተሰቡ ፈቃደኛ አይደለም» ብሎ አስታውቋል።

እዚህ አገር ሰው «እናስብበት፣ ሌላ ቀን ይምጡ» ካለ እምቢ ማለቱ ነው። ፊት ለፊት አይሆንም ብሎ ማስቀየም ነውር ስለሆነ እንዲያ ይባላል። ፕሮፌሰሩም የተባለውን በአገሩ ልማድ ተረድቶ በጨዋነት ወጣ። እምቢ ያለን አባት መጎትጎት ደግሞ ሌላ ነውር ነው። ደብዳቤዎን ይዤ ቢሮው ስደርስ ቦታው ከቬትናም ለመጣ ተማሪ ተሰጥቷል። እዚህ ቦታ ተይዞ አይቆይም፤ የሚጠብቅ ሰልፍ አለ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ስንት ሰው እንዳመጣን የሚጠይቅም አለቃ አለ።

ሰብሊ አውቃለች? ካላወቀች ከእኔ ከምትሰማ ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል። ጥፋቱን ግን ለብቻዎ አይውሰዱት። እንደ ወጋችን ያነጋግሩት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የሺዓለም


አዳማ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው ታምሜ አይደለም። አፍሬ ነው።

ደብዳቤሽን ኑሬ ራሱ በእግሩ ይዞት መጣ፤ በባጃጅ አልላከውም። ፊቱን ሳየው አነበብኩት ማለት ይቻላል። መጀመሪያ በሰውየው ተናደድኩ። ሽማግሌ አንዴ ብቻ መጥቶ እሺ የሚባልበት አገር የት ነው? ለማንም ጎረቤት ልጅ የሚላክ ሽማግሌ እንኳ እየተመላለሰ ጫማው ያልቃል! ቀጥሎ በገመዳ ተናደድኩ። ልጁ ግን የተባለውን ነው የተረጎመው፤ ምን ያድርግ? ከዚያ በኋላ የምናደድበት ሰው ሲጠፋ እኔው ብቻዬን ቀረሁ።

ለሰብሊ መንገር አቃተኝ። ጠዋት «ቪዛ ምን ምን ይጠይቅ ይሆን?» እያለች ስትወጣ ዝም፤ ስትመለስም ዝም። በመጨረሻ ተሻለች ደብዳቤውን ኮቴ ኪስ ውስጥ አግኝታ አስነበበችኝና ጉዱ ወጣ። «ልጅቷን ልትድራት ነበር ወይስ ልታስተምራት?» አለችኝ። እሷው ናት ሰብሊን ጠርታ የነገረቻት።

ሰብሊ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «አባዬ፣ አንተ እምቢ እንደማትል አውቃለሁ። ግን ስለ እኔ ሲወራ እኔ ብኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ወደ ባቱ ሄደች። መርዳሳ ቤት ሰንብታ፣ የማጣሪያዎቹን ሸክላ ቀይራ ተመለሰች። ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር የሚያወራው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጥሯል። ቻይናዎቹ ጻፉላት፤ እነዚያ ጃንጥላ ያደሉት ናቸው። ቤተሰብ አልጠየቁም፣ ጥርስ አላዩም፤ ቦታው አለ፣ ነይ ብቻ ብለዋል። ሰብሊ ግን ቶሎ እሺ አላለችም። እኔን፣ እናቷንና ጀቤሳን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጣ ያሰበችውን ነገረችን። የትም ብትሄድ የምታጠናው የእኛን መንደሮች ውኃ ነው። ጀቤሳ ከውጭው ፕሮፌሰር እኩል አማካሪዋ ይሆናል። በጋ በጋ እዚህ መጥታ ትሠራለች። በምታሳትመው ሁሉ ላይ የአዳማው ዩኒቨርሲቲዋ ስም ይኖራል። ይህን የተቀበለ ይውሰደኝ አለች። ጀቤሳ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጠረገው። ቻይናዎቹ ስለዚህ ተጠይቀው ገና አልመለሱም።

ልቧ ግን ወደ አንቺ ነው። «እዚያ የሺ አለች» ትላለች።

ስለዚህ ለፕሮፌሰሩ ይህን አስረጂልኝ። እኔ አብተው እምቢ አላልኩም። ሌላ ቀን ይምጡ ያልኩት ቤቴን ያከበረ ሰው ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ እምቢ የሚባለው ሰው ዓሣ አይጠበስለትም።

ከአንቺም ላይ አንድ ነገር አያለሁ። ደብዳቤሽ እያጠረ መጣ። ተቀይመሽኝ ከሆነ ንገሪኝ፤ ሌላም ነገር ከሆነ ንገሪኝ።

አጎትሽ አብተው


ዴጆን
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሽ አብተው፣

እንኳን ለልደቱ አደረስዎ፣ ለጥምቀቱም በሰላም ያድርስዎ። አልተቀየምኩዎትም። ዛሬ ረጅም ደብዳቤ ነው፤ መነጽርዎን ያድርጉ።

መጀመሪያ የምሥራቹ። መልእክትዎን ለፕሮፌሰር ሃን ቃል በቃል ነገርኩት። ስለ ዓሣው ያሉት ላይ ስደርስ ፊቱ ቀላ። «እንግዲህ የተሸኘሁት እንድመለስ ነበር?» አለ። ከዚያ የቻይናውን ጥሪ ነገርኩት፤ ይኼኛው ደግሞ ወሬው በዚያው ቀን ዲኑ ቢሮ ደረሰ። ምን ልበልዎ፣ ጋሼ? ቦታ የለም ሲል የከረመ ዩኒቨርሲቲ ቻይና ልትወስዳት ነው ሲባል በሳምንቱ ቦታ አገኘ። የሰብሊን ጥያቄዎች ሁሉ ተቀበሉ፤ አቶ ጀቤሳም አማካሪ ሆነው ይመዘገባሉ። እኔ ለዓመታት ለምኜ ያላገኘሁትን ሰብሊ አዳማ ተቀምጣ አገኘችው። ቀናሁባት፣ ደስም አለኝ። ትምህርቱ የሚጀምረው በየካቲት ማብቂያ ስለሆነ መልሱ ጥር ሳያልቅ መድረስ አለበት።

ፕሮፌሰሩ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ሁለተኛ ሊመጣ ቲኬት ይዟል። ሌላ ሥራ የለውም፤ ቤትዎ መጥቶ፣ ጉዳዩ እስኪሰማ ቆሞ ሊጠይቅዎ ነው። ሲቆም እጁን የት ማድረግ እንዳለበት እንኳ ጠይቆኛል። ሁለተኛ ሲመጣ እሺ እንደሚሉት ነግሬዋለሁ።

አሁን ስለ አባባ መቃብር ልመልስልዎ።

እኔን ለትምህርት ሊጠይቁ ሰዎች ቆቃ ቤታችን የመጡ ዕለት የሆነውን ሰምተው ይሆናል። ነጻ የትምህርት ዕድሉን የሚሰጠው ሰውዬና የፊዚክስ አስተማሪዬ ነበሩ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ሥር ጫማቸውን አያለሁ። አስተማሪዬ ገና «ልጅዎ የሺዓለም» ከማለቱ አባባ «ውሰዷት» አለ። በቃ። ወንበር እንኳ አላቀረበላቸውም። ምን እንደምማር፣ የት እንደማድር፣ መቼ እንደምመለስ አልጠየቀም። የማያስፈልግ ዕቃ ከቤት ሲወጣ የሚባለውን ያህል ነው የተባልኩት። ጓደኞቼ ቤት ለሌላ ጉዳይ የሚመጡ ሽማግሌዎች ስንቴ እንደሚመላለሱ አይቼ ነው ያደግሁት። ለእኔ ሁለተኛ ቀን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በስልክ ስንገናኝ ስለ ጤናው እጠይቃለሁ፣ ስለ ግድቡ ያወራኛል። ለምን እንደሰጠኝ ሳልጠይቀው ሞተ። መቃብሩ ጸድቷል ሲሉኝ ምን ብዬ እመልስ?

«ልጄን እንዲሁ አላቀለልኳትም» ብለው የጻፉትን ሳነብ አለቀስኩ። ቦታው ስላመለጠ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ለፕሮፌሰሩ ሽማግሌ ሁለቴ እንደሚሄድ ያልነገርኩት ረስቼው አይደለም። እኔ ላይ ስላልተደረገ በልቤ ለትምህርት ሲሆን እንዲህ ነው ብዬ ትቼው ነው። ሰብሊ አባት አላት፤ ይህን ስላየሁ ደስ ብሎኛል። ቅናትም አለብኝ፣ አልደብቅዎትም።

ልጅዎ
የሺ


አዳማ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ጥምቀት አልፎ ድንኳኑ ገና አልተነቀለም ነበር። አንብቤ ጨርሼ፣ ኮቴን ለብሼ ቆቃ ወረድኩ። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ልዑልሰገድን «በቃኝ፣ ልነግራት ነው» አልኩት። አስምሎኝ ነበርና።

አንቺን ሊጠይቁ በመጡ ማግስት አባትሽ በጭነት መኪና ተሳፍሮ እኔ ቤት መጣ። ተሻለች ምግብ አቀረበች፣ አልቀምስም አለ። እንደታመመ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። «ሰጠኋት፣ አብተው» አለኝ። «እንዲህ ቶሎ?» አልኩት እኔም፤ እንደ አንቺ ተቆጥቼ ነበር። የመለሰልኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ወንበር ባቀርብላቸው ይቀመጣሉ። ከተቀመጡ እንምከርበት እላለሁ። ሁለተኛ ሲመጡ እምቢ እላቸዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? አፌ እሺ እያለኝ ሳለ ቶሎ ተናገርኩት።» ከዚያ ልጅ ሆኖ አለቀሰ። እኔ ልዑልሰገድ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እንዳልነግርሽ አስማለኝ። «ከሰማች አትሄድም» አለ። ከሄድሽ በኋላም ልንገራት ስለው «ከሰማች ትመለሳለች» ይለኝ ነበር። ሲሞትም መሐላው አብሮት የሞተ አልመሰለኝም። ሞኝነት ነው፤ ይኸው አንቺን ስንት ዓመት ያስቀየመ ሞኝነት። አባትሽ አላቀለለሽም፣ ልጄ። ከበድሽበት።

ዕቃ ከቤት ሲወጣ ወንድ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ አያለቅስም። ይህን እመኚኝ።

የሰብሊን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ቻይናዎቹ መለሱላት፤ እነሱም እሺ ብለዋል። የመረጠችው ግን ራሷ ናት፤ ስትመርጥ እኔ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ ተሻለች ምስክር ናት። ወደ እናንተ ነው። ከጀቤሳ ጋር የበጋውን ሥራ አቅደዋል፤ መርዳሳም እስክትመለስ ማጣሪያዎቹን እኔ አያለሁ ብሏል። ሻንጣ ተገዝቷል። ሳሎን መሀል ቆሟል፣ ባለፍኩ ቁጥር ጉልበቴን ይመታኛል።

ሌላ ቀን ይምጡ ያልኩት ለወጉ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሰውየው ሲወጣ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ቀለለኝ፤ እሱም እውነት ነው። ገና ጊዜ አለ ብዬ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ከመውጣቷ በፊት በረንዳ ላይ ፀጉሯን ስታበጥር አያታለሁ፤ ትላንት «እርግጠኛ ነሽ?» ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ነገ እንደምዘጋው እርግጠኛ አይደለሁም። አባትሽ የፈራው ምን እንደነበር የገባኝ ይኸው ገና አሁን ነው።

ስለዚህ ለፕሮፌሰር ሃን ይህን በራሱ ቋንቋ፣ እሱ በሚገባው መንገድ ንገሪልኝ። እሺ ብለናል። እኔም፣ እናቷም፣ መርዳሳም ሙሉ በሙሉ ፈቅደናል፣ መርቀናታል። ስላከበረን እግዚአብሔር ያክብረው። ቲኬቱን ግን ይመልስ። እባክሽ የሺ፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ።

አጎትሽ
አብተው